ባሌስትራ ልጨምር ወይ ላልከው ወንድሜ፦ ድርቆሽ፣ አሮጌ ሃይሉክስና የእንጦጦ ቁልቁለት

ጥያቄህን አነበብኩት። ላላነበበው ሰው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አቃቂ አካባቢ እናትህ 6 የወተት ላሞች አሏቸው፣ ድርቆሹን ከጫንጮ ራስህ ልታመላልስ አስበሃል፣ መኪናህ በፈረንጅ የ1993 ሲንግል ጋቢና ሃይሉክስ ናት፣ ስሪ ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር፣ ፎር ባይ ፎር። አንድ ጋራዥ "ኋላ ሁለት ሁለት ባሌስትራ እንጨምርባትና 20 ኩንታል ትሸከምልሃለች" ብሎሃል፣ ልጨምር ወይ ትላለህ (ባሌስትራ ማለት የመኪናውን ጭነት የሚሸከሙት ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች ናቸው)። በዛው የገዛሃትን ዎኪንግ ትራክተር (ከኋላዋ በእግር እየተሄደ በእጅ የምትነዳ ትንሽ ማረሻ ማሽን) በሷ ማመላለስ ይቻላል ወይ ብለሃል።

እኔ መካኒክ ነኝ፣ ጋራዥ ከመክፈቴ በፊት ደሞ ሦስት ክረምት ከበጋ ድርቆሽና ጭድ እየጫንኩ እንጀራ በልቼበታለሁ፣ በሁለቱም በኩል ስላለሁበት ረዘም አርጌ ልመልስልህ። ባሌስትራውን አትጨምር። ለምን እንደሆነ ግን መጀመሪያ ሒሳቡን እንስራ፣ ምክንያቱም ጋራዡ የነገረህ 20 ኩንታል ድርቆሽ ላይ ትርጉሙ ራሱ የለም።

ጫንጮና ሱሉልታ በማሽን የሚታሰረው ድርቆሽ፣ ቤል የሚሉት፣ በደንብ የደረቀ ከሆነ አንዱ እስር 15 ኪሎ ገደማ ነው፣ ላላ ብሎ የታሰረ 12ም ይመዝናል። መጠኑ በግምት 90 በ45 በ35 ሳንቲም ነው። ያንተ ካሶኒ (ጭነት የሚጫንበት የኋላ ሳጥን) ርዝመቱ 2 ሜትር ከትንሽ፣ ስፋቱ 1 ሜትር ተኩል አካባቢ ነው፣ ስለዚህ አንድ ረድፍ ላይ የሚገባልህ 7 እስር ነው፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የጎማ ሽፋኑ ቦታ ስለሚወስድ ከዛም ያንሳል። የካሶኒው ወለል ከመሬት 80 ሳንቲም አካባቢ ነው፣ አምስት ረድፍ ስትደረድር ከመሬት 2 ሜትር ተኩል ደረስክ፣ ስድስት ረድፍ ስትደረድር 2 ሜትር ከ90። እና ስንት ጫንክ? 40 እስር። ስንት ኪሎ? 600። 6 ኩንታል! 20 ኩንታል ድርቆሽ ለመጫን ከ130 እስር በላይ መደርደር አለብህ፣ ያ ማለት 19 ረድፍ ነው፣ መብራት ሀይል ምሰሶ ጋር ቁመት ልትለካካ ነው እንዴ? ሊብሬህን አውጣና የመጫን አቅም የሚለውን እየው፣ የዚህ አይነት ሲንግል ጋቢና ብዙ ጊዜ 10 ኩንታል አካባቢ ነው ሚሆነው። ድርቆሽ ስትጭን መኪናዋ ክብደቱ ሳይከብዳት ቁመቱ ነው ቀድሞ የሚያልቅባት። ስለዚህ ላልቸገራት ነገር ነው ባሌስትራ ሊገጥሙላት ያሰቡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ባሌስትራ መጨመር መኪናዋን አያጠነክራትም፣ አፏን ነው ሚዘጋት። ድሮ የከበዳት ጊዜ ቂጧ ዝቅ ብሎ "በቃኝ" ትልህ ነበር፣ ከጨመርክባት በኋላ ዝም ትላለች፣ ዝም ብላ ግን አክስሉ ያው የድሮው ነው፣ ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት) ያው ነው፣ ሻንሲው (መኪናዋ የተሰራችበት የብረት አጽም) ያው ነው፣ ፍሬኑ ያው ነው። ፍሬኑ ያው ቢሆን እንኳን ጥሩ ነበር፣ ከድሮውም ይብሳል። ምን መሰለህ፣ ከመኪናህ ስር ግባና ኋላ ዲፈረንሻሉ ጋ እይ፣ አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ከአክስሉ ተነስታ ሻንሲው ላይ ወዳለች ትንሽ የፍሬን ቫልቭ ትሄዳለች። የዛች ቫልቭ ስራ ጭነት መለካት ነው። ስትጭን ካሶኒው ዝቅ ይላል፣ ዘንጓ ትገፋለች፣ ቫልቯ "ኋላ ከብዷል" ብላ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ትለቃለች። ባዶ ስትሆን ካሶኒው ከፍ ይላል፣ ቫልቯ የኋላውን ትቀንሳለች፣ አለበለዚያ ባዶ መኪና ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዝ የኋላ ጎማ ተቆልፎ ያሽከረክርሃል።

እንግዲህ ሁለት ባሌስትራ ጨመርክ በል። ኋላዋ ተነሳ። ጭነህም አልወረደም። ቫልቯ ምን ታስባለች? ባዶ ነን። 10 ኩንታል ጭነህ ቁልቁለት እየወረድክ የኋላ ፍሬንህ ባዶ መኪና ያህል ነው ሚይዝልህ፣ ቀሪውን በሙሉ የፊት ዲስክ ነው ሚሸከመው። የፊት ዲስክ ይግላል፣ ሸራው (ዲስኩን ይዞ የሚያቆመው) ይቃጠላል፣ ዘይቱ ይፈላል። ይሄን ስንት ባሌስትራ ጨማሪ ጠይቄ አያውቁትም መሰለህ፣ የሚያውቀውም አንዳንዱ መፍትሄ ብሎ ቫልቯን አውጥቶ ይጥልና ቱቦውን ቀጥታ ያገናኘዋል፣ ያ ደሞ ባዶ ስትመለስ ያንተን ነገር በእግዜር እጅ ጥሎት ነው ሚሄደው።

እኔ ይሄን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ያኔ ጀማሪ ነኝ፣ ባሌስትራ የተጨመረባት ሃይሉክስ ይዤ ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ስወርድ፣ የጫንኩት ድርቆሽ ብቻ ሳይሆን ከስሩ አምስት ኩንታል ፍሩሽካም ነበር (የስስት ነገር)፣ ግማሽ ቁልቁለት ላይ ጋቢና ውስጥ የተቃጠለ ሽታ ገባ፣ ረዳቴ "ማርሚታው ላይ ሳር ወድቆ ይሆናል" አለኝ (የጭስ ማውጫው ላይ ማለቱ ነው)፣ ቀጥሎ ፍሬኑን ስረግጠው ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ወለል ነካ። እየደጋገምኩ ረገጥኩት፣ ሁለተኛ ማርሽ በግድ አስገባሁ፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) እየጮኸ ቀነሰልኝና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ያለው አፈር ላይ አስደግፌ አቆምኳት። ሰው አልተጎዳም፣ የረዳቴ ፊት ግን እስካሁን አይኔ ላይ አለ። በማግስቱ ያኔ የሚያሰራኝ ሽማግሌ መካኒክ ከስር ገብቶ በጣቱ ያቺን ዘንግ እያወዛወዘ "ይቺን አይተሃት ታውቃለህ?" አለኝ። አይቻት አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ለባሌስትራ ያሰብከውን ብር ፍሬን ላይ አውለው። መጀመሪያ ያቺ ቫልቭ በሕይወት መኖሯን አረጋግጥ፣ አቧራና ጭቃ ስለሚደርቅባት ብዙዎቹ ደርቀው ቀርተዋል፣ ዘንጓ በእጅ ስትነካ ካልተንቀሳቀሰች ትቀየር ወይ ትፈታና ትጽዳ። የኋላ ሸራ እስኪያልቅ አትጠብቅ፣ የኋላ ጎማ ውስጥ ያለው የፍሬን ሲሊንደር ዘይት እያለቀሰ እንደሆነ እይ፣ የዘይት እርጥበት የነካው ሸራ ይጣላል እንጂ በቤንዚን ታጥቦ አይመለስም። ከዛ የፍሬን ዘይቱ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ይጠጣል፣ አዲስ ዶት ስሪ (የፍሬን ዘይት ዓይነት ነው) 205 ዲግሪ አካባቢ ነው ሚፈላው፣ ውሃ የጠጣው ግን ወደ 140 ይወርዳል፣ በፈላ ጊዜ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደሞ ይጨመቃል፣ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሆነብኝ ለዛ ነው። በሁለት ዓመት አንዴ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ ጎደለ ብሎ መሙላት መቀየር አይደለም።

ባሌስትራህ እውነት ደክሞ ከሆነ፣ ማለትም ባዶዋን ቆማ ቂጧ ከወረደ፣ የደከመውን በፋብሪካው ልክ ቀይረው። እሱ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን እደግፋለሁ።

ቁልቁለቱን ስትወርድ ደሞ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። አዲሱ ገበያ እስክትደርስ ሦስተኛ፣ ቁልቁለቱ ከበረታ ሁለተኛ። ማርሽ አውጥቶ በባዶ መንከባለል ናፍጣ ይቆጥባል የሚለው የድሮ ሾፌር ወሬ ነው፣ የዚህ ሞተር ፖምፓ (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው) እግርህን ከነዳጅ ስታነሳና ማርሽ ውስጥ ስትሆን ናፍጣውን ራሱ ይዘጋዋል፣ በባዶ ስትንከባለል ግን ሞተሩን እንዳይጠፋ ለማቆየት ናፍጣ ይጠጣል። ማለትም ፍሬንህንም እየጨረስክ ናፍጣም እየከፈልክ ነው።

ዳገቱ ላይ ደግሞ ተስፋ አትቁረጥባት። ስሪ ኤል በወረቀት 90 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፣ ተርቦ የለውም፣ ሱሉልታና የእንጦጦ ጀርባ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባህር ዳርቻው (ቀይ ባህር ማለቴ ነው፣ ከጣና አይደለም) ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ስለዚህ እጅህ ላይ ያለው 65 ወይ 70 ፈረስ ነው። ቀስ እያለች ብትወጣ አልታመመችም። ጥቁር ጭስ እያወጣች ከሆነ ናፍጣው ካየሩ በልጧል ማለት ነው፣ አንዳንዱ ሰው "ጉልበት ትጨምር" ብሎ ፖምፓውን ያስከፍተዋል፣ ኧረ በፈጣሪ፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ሊያሰነጥቅ ነው የሚሮጠው። ራዲያተርህን አጽዳ፣ የአየር ማጣሪያውን የድርቆሽ ብናኝ ስለሚደፍነው በየሳምንቱ አራግፈው፣ በቃ።

ሻንሲውን ከጋቢናው ኋላና ባሌስትራው የሚንጠለጠልበት ብረት ዙሪያ በሽቦ ብሩሽ ፍቀህ እይ፣ የሃይሉክስ ሻንሲ ሲሰነጠቅ ብዙ ጊዜ እዛ ነው። ጎማ ላይ ብዙም አልልም፣ የአውቶሞቢል ጎማ አትግጠምባት፣ የጭነት ይሁን፣ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ፣ 2315 ካለ በፈረንጅ 2015 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አርጅቷል።

አሁን አደራደሩ። ድርቆሽ እንደ ብሎኬት ነው ሚደረደረው፣ የታችኛው ረድፍ መጋጠሚያ ላይ የላይኛው እስር ሆዱ ይተኛ፣ ሁሉንም አንድ አቅጣጫ ከደረደርከው መጀመሪያ ኩርባ ላይ እንደ ግድግዳ ተገንጥሎ ይሄዳል። ከባዱንና እርጥበት ያለበትን (እሱን ባትገዛው ነው ሚሻለው፣ ወደሱ እመጣለሁ) ከታችና ወደ ጋቢናው አስጠጋ። ከላይ ያለውን ረድፍ ወደ መሃል ሰብሰብ አርገው፣ ጫፉ እንደ ጣሪያ ይጥበብ። ከጋቢናው ጣሪያ በላይ ከ1 ሜትር አትለፍ፣ ያ አምስት ረድፍ ነው፣ ከጨከንክ ስድስት። ገመዱ ሁለት ከፊት ወደ ኋላ፣ ሦስት ከጎን ወደ ጎን፣ ጋንቾው (የገመድ ማሰሪያ መንጠቆው) ላይ እንጂ ስፖንዳው (የካሶኒው የጎን መዝጊያ) ላይ አትሰር፣ አሮጌ ስፖንዳ ማጠፊያው ዝጎ ነው ሚኖረው። እስሩ የታሰረበትን ሲባጎ ይዞ ሌላ ነገር ማሰር የሚሉት ነገር አለ፣ እሱን እርሳው፣ ሲባጎው ራሱን ከያዘ ትልቅ ነገር ነው። ከዛ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድክ በኋላ ቁም። ድርቆሹ በመንገጫገጭ ይረጋል፣ ያጠበቅከው ገመድ ላልቶ ታገኘዋለህ፣ እንደገና አጥብቅ። ይሄን ያልሰማ ሰው ነው ሱሉልታ ሜዳ ላይ ንፋስ ድርቆሹን እየበተነበት ከኋላው የሚሮጠው። እዛ ሜዳ ላይ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ከጎን ነው ሚመታህ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ጭነህ ተነስ።

ሰው ከላይ አታስቀምጥ። "ጭነቱን ይጠብቃል" ብለው ልጅ የሚያወጡ አሉ፣ አዲስ አበባ ሰፈር ውስጥ ስትገባ የመብራትና የስልክ ሽቦ የት እንደሚወርድ ሾፌሩ አያይም፣ ልጁ ደሞ ወደ ኋላ ዞሮ ነው ሚቀመጠው።

እሳት። ሰዉ ድርቆሽ ሲቃጠል ሲጋራ ነው ይላል፣ አንዳንዴ ነው፣ ድርቆሹ ራሱን የሚያቃጥልበትም ጊዜ ግን አለ። ሳሩ ሳይደርቅ ከታሰረ፣ እርጥበቱ ከ20 ፐርሰንት ካለፈ፣ ውስጡ ጀርሞች ስራ ይጀምራሉ፣ ይሞቃል፣ ቀስ እያለ ይጨምራል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት። የተከመረው መሃል 65 ዲግሪ ሲያልፍ አደጋ ነው። ጥቅምት ላይ ዝናብ ሳያቆም ተቻኩለው የሚያስሩትን ለዛ ነው እርካሽ አርገው የሚሸጡልህ። ስትገዛ አንዱን እስር ፈትተህ ከመሃሉ አንድ ጭብጥ አውጣና ጠምዝዘው፣ ቀንበጡ ተሰብሮ ከጮኸ ደርቋል፣ እንደ ገመድ ከተጠመዘዘ አልደረቀም። አሽትተው፣ ጥሩ ድርቆሽ ሻይ ቅጠል ሻይ ቅጠል ነው ሚለው፣ የሻገተው ያስነጥስሃል። ክብደቱም ይናገራል፣ ያው መጠን ሆኖ 20 ኪሎ ከሆነብህ ውሃ እየገዛህ ነው። ቤት ከከመርከው በኋላ ረጅም ፌሮ ብረት ክምሩ መሃል አስገብተህ ሩብ ሰዓት አቆይተህ አውጣ፣ ጫፉን በእጅህ መያዝ ካቃተህ ክምሩን ዛሬውኑ በትነው፣ ሰው አጠገብህ ይኑር፣ ውሃም። መኪናዋ ላይ ደሞ ማርሚታው ዙሪያ የወደቀ ሳር ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ አራግፍ፣ የኋላ መብራት ሽቦ የተላጠ ካለ በቴፕ ሳይሆን በደንብ አስጠግን።

አሁን አንድ ያልጠየቅከኝን ልንገርህ። አንዲት ዲቃላ ላም መኖ እየተጨመረላት በቀን 7 ኪሎ ድርቆሽ ትበላለች በል፣ 6 ላም 42 ኪሎ፣ በቀን 3 እስር ማለት ነው። ዓመቱን 1,000 እስር አለፍ ይላል። ባንተ ሃይሉክስ በ40 በ40 ስታመላልስ 27 ጉዞ። አንድ ኢሱዙ ግን በአንዴ 200 እስርና ከዚያ በላይ ይጭናል፣ አምስት ጉዞ ይበቃዋል። ነዳጁን፣ ጎማውን፣ የጫኝና አውራጁን፣ ያንተን 27 ቀን ደምርና አወዳድር። እኔ ብሆን የዓመቱን ድርቆሽ ህዳር ላይ ዋጋው ሳይወጣ ኢሱዙ ተከራይቼ አስገባና ሃይሉክሷን ለመሃል መሃሉ፣ ለፍሩሽካ፣ ለፋጉሎ፣ ለወተቱ አቆያታለሁ። ማስቀመጫ ቦታ ከሌለህ ግን፣ አቃቂ ላይ ግቢ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ያው በ13 ቀን አንዴ መመላለስ ነው፣ ይሄንንም መኪናዋ በደንብ ትችለዋለች። ደሞ በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው የያዛትን ነው ሚንከባከበው።

ዎኪንግ ትራክተሯ። ይቻላል፣ እንደውም ሃይሉክስ የተሰራችው ለእንደዚህ አይነቱ ነው። ክብደቷ እንደ አይነቷና እንደተገጠመላት ማረሻ ከ300 እስከ 500 ኪሎ ቢሆን ነው፣ ጣጣው አወጣጡ ነው። በሳንቃ ወደ 80 ሳንቲም ከፍታ ልታወጣት ከሆነ ሳንቃው ከ3 ሜትር አይነስ፣ ሳንቃው የካሶኒው ጫፍ ላይ በሰንሰለት ይታሰር፣ አለበለዚያ ጎማዋ ሲጫነው ወደ ኋላ ይንሸራተትና ማሽኑ እላይህ ላይ ነው። በሞተሯ ራሷ ሰው ከኋላ እየነዳ ማውጣቱን አልወደውም፣ እጀታዋ ወደ ላይ ሲነሳ ሰው ያነሳል። ከሁሉ የሚሻለው ምንም የማያስወጣው ነው፣ መንገድ ዳር ያለ ጉብታ ፈልግና መኪናዋን በኋላ አስጠጋት፣ ካሶኒውና መሬቱ እኩል ሲሆኑ ገፍተህ ታስገባታለህ። ገበሬው ሁሉ እንደዚያ ነው ሚያረገው።

ከገባች በኋላ ሞተሯ ወደ ጋቢናው ይሁን። ክብደቱ ከኋላ ጎማ ወዲያ ከወጣ የመኪናህ አፍንጫ ይነሳል፣ መሪው ቅል ይሆንብሃል፣ ቁልቁለት ላይ ደሞ ፊቷ የቀለለ መኪና የፊት ፍሬኗ በደንብ አያቆማትም። ከስር አሮጌ ጎማ ወይ ላስቲክ አንጥፍ፣ ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል። ማርሽ ውስጥ አስገብተህ፣ ጎማዋ ፊትና ኋላ እንጨት ሸጉጠህ፣ ገመዱን ሻንሲዋ ላይ እሰር፣ እጀታዋ ላይ የታሰረ ማሽን ሲንቀጠቀጥ ይፈታል። የነዳጅ መዝጊያዋን ዝጋ። ድርቆሽ ካለ እሷን አብረህ አትጫን፣ የናፍጣ ጠብታና ደረቅ ሳር አንድ ካሶኒ ላይ አይገናኙም። ከኋላ ተሳቢ አስይዤ ልጎትታት ካልክ ግን ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው እንጦጦን እንዳትሞክራት፣ ሜዳ ላይ ይሁን።

አሁን ከስር ግባና ያቺን ዘንግ ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን፣ ከነቦታዋ፣ የኋላ ባሌስትራውንም ስንት ቅጠል እንዳለው ቁጠር። ድሮ የጨመረባት ሰው ሊኖር ይችላል፣ ካለ መጀመሪያ እሱን ነው ምናወርደው።